ሦስት ጊዜ የፈታኋት የዶቃ ቦርሳ

ኪሮሽ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል ሠርቻለሁ። ስለዚህ በዶቃ የተሸፈነች ትንሽ የእጅ ቦርሳ ለመሥራት ስነሣ ብዙም አልፈራሁም። "ዶቃ ያለበት ኪሮሽ ነው፣ ምን ይከብዳል?" ነበር ያልኩት። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመሃል ሦስት ጊዜ ፈትቻታለሁ። አንደኛው መፍታት ጭራሽ የማያስፈልግ ነበር፤ እሱን ሳስታውስ አሁንም እናደዳለሁ።

ያሰብኳት ቦርሳ በእጅ የምትያዝ፣ ማንጠልጠያ የሌላት፣ ወርዷ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቷ 12 የሆነች ነበረች። አፏ ላይ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ የብረት አፍ ይኖራታል። ያ ኪሮሹ የሚሰፋበት ቀዳዳ በዙሪያው ያለው ዓይነት። በሙጫ የሚለጠፍም አለ። እኔ ግን ዶቃ ከባድ ስለሆነ ሙጫን አላመንኩም።

ክሩ ቁጥር 10 የጥጥ ክር ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ፣ ዳንቴል የሚሠራበት። የኪሮሹ መርፌ 1.75 ሚሊ ሜትር። ዶቃው ቁጥር 8 የሚባለው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ዶቃ። የዶቃ ቁጥር ሰውን ያሳስታል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዶቃው ያንሳል። ቁጥር 11 ከቁጥር 8 ያነሰ ነው። ቁጥር 6 ደግሞ ተለቅ ይላል። እኔ ይህን ያወቅኩት መጀመሪያ ክሬ የማያልፍበትን ዶቃ ይዤ ከመጣሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመረጥኩት ቀለም ቀይና ወርቅማ ነበር። ቀዩን ዶቃ ሳገላብጥ ጣቴ ሮዝ ሆነ። ትንሽ ግር አለኝና አሥር ያህሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ጨርቁ ልክ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። አንዳንዱ ዶቃ መስታወቱ ራሱ ባለቀለም ነው። አንዳንዱ ግን ከላይ የተቀባ ነው፤ በላብና በውሃ ይለቃል። ቀዩን ተውኩትና ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩት። ያን ጨርቅ ባላየው ኖሮ ቦርሳዋን የያዝኩ ቀን ልብሴ ጉድ ይሆን ነበር።

ከዚያ ሒሳብ መጣ። ኪሮሽ ሠሪ ሒሳብ አይወድም፤ እኔም አልወድም። ግን ዶቃው ሁሉ ከመጀመሪያው ዐይን (በኪሮሽ መርፌ የሚሠራው እያንዳንዱ ቋጠሮ) በፊት ክሩ ላይ መሰካት አለበት። ስለዚህ ስንት እንደሚያስፈልግ ማወቅ ግድ ነው። ትንሽ ናሙና ሠራሁ። የመጀመሪያውን ያለ ዶቃ ሠርቼ ለካሁ፤ ይሄ ስሕተት ነው። ዶቃ ሲገባ እያንዳንዱ ዐይን ይሰፋል። በዶቃ ስሠራው 10 ዐይን 3 ሳንቲ ሜትር ሆነልኝ። ስለዚህ ለ20 ሳንቲ ሜትር 66 ዐይን፣ ፊትና ጀርባ 132። ቁመቱ 40 ዙር። 132 በ40 ሲባዛ 5280 ዶቃ! ማን ይቆጥራል? አሥር ግራም መዝኜ ቆጠርኩ፤ 380 ያህል ሆነ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሚዛን ነው። 140 ግራም ገደማ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

ዶቃ ለመሰካት የስፌት መርፌ አልጠቀምኩም። መርፌ ውስጥ ያለፈ ክር ድርብ ስለሚሆን በዶቃው ቀዳዳ አያልፍም። የክሩን ጫፍ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የጥፍር ቀለም ቀባሁትና ሲደርቅ በሰያፍ ቆረጥኩት። ሽቦ መስሎ ይደርቃል። ዶቃውን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ዘርግፌ በጫፉ እየለቀምኩ መሰካት ነው። ሲፈታ እንደገና መቀባት። ቀጫጫውን፣ ጠማማውን፣ ቀዳዳው ሹል የሆነውን ወዲያ ወረወርኩት። ሹሉ ክር ይበላል።

ጀመርኩ። 65 ሰንሰለት፣ ማለትም ሥራው የሚነሣበትን የቀለበት መስመር ሠራሁ። በአንዱ ጎን 65፣ በሌላው ጎን 65፣ ጫፎቹ ላይ አንዳንድ ጨምሬ 132 ሞላ። ከዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ ላይ ነው። የዶቃው አገባብ እንዲህ ነው። መርፌውን ዐይኑ ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ክሩን ትስባላችሁ፤ መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እዚህ ላይ ቆም ትሉና አንድ ዶቃ በክሩ ላይ እያንሸራተታችሁ ሥራው ድረስ ታስጠጋላችሁ። ከዚያ ክሩን ጠቅልላችሁ በሁለቱም ቀለበት ታሳልፋላችሁ። ዶቃዋ ተቆልፋ ትቀራለች። ደስ የሚል ነገር አለው፤ በተለይ ዶቃዋ ቦታዋ ላይ ጠቅ ስትል።

ስድስት ዙር ሠርቼ ዘርግቼ ሳየው ዶቃው በሙሉ ከውስጥ ነው። ውጪው ባዶ ክር! እንደ እብድ አየሁት። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ፈታሁት። ስምንት መቶ የሚጠጋ ዶቃ። በማግስቱ ኪሮሽ ለምታውቅ ጓደኛዬ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "እንደ ካልሲ አትገለብጪውም ነበር?" አለችኝ።

በኪሮሽ ዶቃ ሁልጊዜ የሚወጣው ከሠሪው በተቃራኒ ባለው ጀርባ ነው። ወደ እኔ ያለው ጎን ባዶ፣ ወዲያ ያለው ዶቃ። ቦርሳ በዙር ሲሠራ ደግሞ ወደ እኔ ያለው ጎን ውጪው ስለሆነ ዶቃው ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ይገለበጣል፤ አለቀ። ያ ሁሉ ሌሊት በከንቱ።

ሁለተኛው መፍታት ግን እውነተኛ ነው። ስድስት ሰማያዊ፣ ስድስት ወርቅማ እያልኩ ነበር የሰካሁት። 132 ለ12 ስለሚካፈል ቀለሙ በየዙሩ በራሱ ላይ ይወድቃል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል ብዬ። ለመቆጠብ ብዬ ደግሞ 2000 ዶቃ በአንዴ ሰካሁ። ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ዶቃ ማለት ነው። በየጥቂት ዐይኑ ያን ሁሉ ወደ ኋላ መግፋት አለብኝ። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ስደርስ ክሩ ተፋትጎ ጸጉር አውጥቶ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። መስመሩም ቀጥ አላለም። በዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ዐይን ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ተፈጥሮው ነው። መስመሬ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ሆን ተብሎ የተሠራ ሰያፍ ቢሆን ያምር ነበር። ይሄ ግን ሊወድቅ ያለ አጥር ነው የሚመስለው።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ፈታኋቸው። ለክሩ መፍትሔው በትንሽ በትንሹ መሰካት ነው። አራት ዙር፣ 500 ምናምን ዶቃ፣ ከዚያ ክሩን መቁረጥ። ሌላ መሰካት፣ መቀጠል። ጫፎቹ ከውስጥ ስለሚቀሩ ማንም አያያቸውም፤ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል በዐይኖቹ ውስጥ መሸጎጥ ብቻ ነው። ለመስመሩ ደግሞ አንድ ዐይን ጨመርኩ። 132 የነበረው 133 ሆነ። በቃ። የሰካሁትን ስድስት ስድስት አልነካሁትም። አንዷ ትርፍ ዐይን ግን ቀለሙን በየዙሩ አንድ እርምጃ ታንሸራትተዋለች። ከተፈጥሮ ማዘንበሉ ጋር ተደምሮ ጥርት ያለ ሰያፍ መስመር ወጣ። ከቦርሳዋ ሁሉ በጣም የምኮራው በዚህች አንድ ዐይን ነው።

ስንሰካ የምንስተው ነገር አይጠፋም። አንድ ቦታ ሰባት ወርቅማ ሰክቼ ኖሯል። ያየሁት ክሩ ከሥራው ጋር ተያይዞ ነው፤ ወደ ኋላ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ትርፏን ዶቃ መስበር ነው። በፒንሳ ጨምቄ ልሰብራት ብል ስብርባሪው ክሩን ሊቆርጠው ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ መርፌ በዶቃዋ ቀዳዳ፣ ከክሩ ጎን አስገብቼ ቀስ እያልኩ ገፋሁ። መርፌው እየወፈረ ሲሄድ ዶቃዋ ከውስጥ ወደ ውጪ ትፈነዳለች፤ ክሩ ይተርፋል። መነጽር አድርጌ፣ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጌ ነው። የመስታወት ስንጥር በዐይን ቀልድ የለም። ዶቃ ከጎደለ ግን ችግር የለም። ዐይኑን ባዶውን ሠርቶ ማለፍና በኋላ በመርፌ መስፋት ነው።

24 ዙር ላይ ስደርስ የብረቱ አፍ ጣጣ መጣ። አፉ እንዲከፈት ጎንና ጎን ማጠፊያ አለው። ከማጠፊያው በላይ ፊትና ጀርባው መለያየት አለባቸው፤ አለበለዚያ ቦርሳዋ አትከፈትም። የእኔ ብረት ከማጠፊያው እስከ አናቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ወደ 16 ረድፍ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በዙር መሥራት ቀረ። ፊቱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመለስኩ።

እዚህ ጋ የጀርባው ሕግ ተመልሶ መጣ። ሥራው በየረድፉ ሲገላበጥ ጀርባውም ይገላበጣል። አንዱ ረድፍ ዶቃውን ወደ ውጪ ያወጣል፤ ቀጣዩ ወደ ውስጥ። ሁሉም ውጪ እንዲሆን ከተፈለገ በየረድፉ ክር ቆርጦ ከአንድ ጎን መጀመር ነው። ለሁለቱ ጎን 64 የክር ጫፍ መሸጎጥ ማለት ነው። አልችልም አልኩ። አንዱን ረድፍ በዶቃ፣ አንዱን ባዶ አደረግኩት፤ ቀለሙንም ሰማያዊ ብቻ። ታችዋ ጥቅጥቅ ያለ ሰያፍ፣ ላይዋ ሳሳ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ያየ ሰው ሁሉ አሳምሬ አስቤበት ያደረግኩት ይመስለዋል። እኔም አላርምም። አንድ ሺህ ያህል ዶቃም በዚሁ ተረፈኝ።

ገበሩን የሰፋሁት ብረቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሳቲን ጨርቅ፣ በጀርባው ወፈር ያለ ማጠንከሪያ። ማጠንከሪያ ከሌለ ዶቃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎተትና ቦርሳዋ እንደ ከረጢት ትዘረጠጣለች። የገበሩ ልክ ከውጪው በትንሹ ማነስ አለበት። ሸክሙን መያዝ ያለበት ገበሩ እንጂ ኪሮሹ አይደለም። እኔ እኩል ቆርጬው ነበር። ባዶዋን ለአንድ ቀን ሰቅያት ሳያት ኪሮሹ ወርዶ ተለጥጦ ገበሩ ውስጥ ተጨማዶ ተቀምጧል። ከአፉ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር አጥፌ ሰፋሁት።

ሦስተኛው መፍታት የብረቱ ነው። ከአንዱ ማጠፊያ ጀምሬ ወደ ሌላው እየሰፋሁ ሄድኩ። ጫፍ ስደርስ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኪሮሽ ተርፎ ተንጨባረረ። ከመሃል ነበር መጀመር። የብረቱን መሃልና የቦርሳዋን መሃል በስፒል ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ። ብረቱ 18፣ ቦርሳዋ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነች ትርፉን በየቀዳዳው በትንሽ በትንሹ ሰብሰብ እያደረጉ ማካፈል ያስፈልጋል። ክሩን ደግሞ ድርብ ናይሎን አድርጌዋለሁ። የጥጡ ክር ከብረቱ ጠርዝ ጋር እየተፋጨ ብዙ አይቆይም።

አሁን ሁለተኛዋን ጀምሬያለሁ፤ ይሄኛዋ በቁጥር 11 ዶቃ። ትናንት ማታ ስሰካ 87ኛው ላይ ደርሼ ስልኬ ጠራ። ዘግቼ ስመለስ 87 ይሁን 97 ጠፋብኝ። ሁሉንም ከክሩ አራግፌ ሳህኑ ላይ መለስኩት።