አያ ጅቦ ስንት ሜትር ጨርቅ ይፈጃል?

ደንበኞቼ ተረት ይዘው አይመጡም። ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። "እንደዚህች አድርጊልኝ" ይሉና በቴሌግራም ፎቶ ይልካሉ። ፎቶው ወይ ከፊልም ላይ የተወሰደ ነው፣ ወይ ደግሞ አሜሪካ ያለ ዘመድ ዲስኒ መዝናኛ ፓርክ ሄዶ ከልዕልቲቱ ጋር ተቃቅፎ የተነሳው። እኔ ፊቷን አላይም። አጉልቼ ስፌቱን ነው የማየው። ዚፑ የት ገባ? ገበር አለው? ቀሚሱን እንደዚህ የነፋው ምንድን ነው?

የምሰራው አራት ኪሎ ነው፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሲንጀሬና እኔ ከገባን ደንበኛው በር ላይ ይቆማል። ድሮ ዩኒፎርምና የሚዜ ቀሚስ ነበር ሥራዬ። አሁን የልደት ልብስ በለጠ። ቅዳሜ ከሰዓት ወዳጅነት ፓርክ ጎራ በሉ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ የምትነሳ ሕፃን አታጡም።

ሰማያዊው የሲንደሬላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ተጨቃጭቄበታለሁ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ተረቱን ሲያሳትም ልብሷ ከወርቅና ከብር የተሠራ ነው፣ በዕንቁ ያጌጠ። በ1950 የዲስኒ የካርቱን ፊልም ወጣ፤ እዚያ ቀሚሷ ብርማ ነጭ ሆነ። ፓርኩ ውስጥ ልጆችን እያቀፈች ፎቶ የምትነሳዋ ሲንደሬላ ግን ሰማያዊ ለብሳለች። አሻንጉሊቱም ቦርሳውም እንደዚያው። በ2015 በእውነተኛ ተዋንያን አዲስ ፊልም ሲሠራ ያው ሰማያዊ መጣ፣ ያውም በር የማያስገባ ሰፊ ሆኖ። እና እኔ መርካቶ ደህና ብርማ ሳቲን አግኝቼ "ይኸው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ያለው" ብል ማን ይሰማኛል? አንዷ ደንበኛዬ ልጇን አስለክታ ልትወስድ መጥታ ልጅቷ ቀሚሱን አየችና "ይቺ ሲንደሬላ አይደለችም" ብላ ቁጭ አለች። አራት ዓመቷ ነው። ፈረደች፣ አለቀ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የቲንከር ቤል ነገር ነው። ጄምስ ባሪ ፒተር ፓን የተባለውን ተውኔት በ1904 ለንደን ውስጥ ለመድረክ ሲያበቃ፣ ይህቺ ትንሽዬ የምትበር ፍጡር ተዋናይ እንኳ አልነበራትም። በመስታወት እየተንጸባረቀች መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ብርሃን ነበረች። ንግግሯ የቃጭል ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊ የሚባል አያስፈልጋትም ማለት ነው! ከዚያ በ1953 የካርቱን ፊልሙ መጣና ፀጉሯን ሰብስቦ አናቷ ላይ አሰረው፣ አጭር አረንጓዴ ቀሚስ አለበሳት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቲንከር ቤል የለችም። በ1961 ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ውስጥ ከሰው ሠራሽ ተራራ ጫፍ በሽቦ ተንጠልጥላ ሰማይ ላይ እንድትበር አደረጉ። የመጀመሪያዋ በራሪ ማን መሰለቻችሁ? ታይኒ ክላይን የምትባል የቀድሞ የሰርከስ ባለሙያ ናት፣ ወደ 70 ዓመት የሚጠጋት አሮጊት። ለእናቴ ስነግራት "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። እኔ ግን ይገባኛል። ከታች ቆሞ አንጋጦ ለሚያይ ሕፃን ዕድሜ አይታይም። ልብሱ ነው የሚታየው። ልብሱን ደግሞ ሁሉም ከፊልሙ ያውቀዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች መጀመሪያ ፊልም አልነበረም፤ ዲዝኒላንድ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ በጀልባ የሚዞሩበት መጫወቻ ነው። ፊልሙ የመጣው በ2003 ነው። ከተወደደ በኋላ በ2006 የፊልሙን ዋና ወንበዴ ጃክ ስፓሮውን ወስደው እዚያው መጫወቻው ውስጥ አስገቡት። እንግዲህ ጃክ ስፓሮውን ልልበስ የሚል ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ አባቶች ናቸው የሚፈልጉት።

ከወገቧ በታች ዓሣ ወደሆነችው የዲስኒ ልዕልት፣ ወደ ኤሪየል ልምጣ። አንዲት እናት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ስልካቸውን አውጥተው የ1989ኙን ካርቱን አሳዩኝ፤ ነጭ፣ ቀይ ፀጉር ያላት።

"ይቺ ናት ልጄ። እናቷ ናት የላከችልኝ።"

ልጅቷ ተንጠራርታ አየች። "እማማ፣ እሷ አይደለችም። የኔዋ ሹሩባ አላት።"

የእሷዋ የ2023ቷ ናት፣ ሃሊ ቤይሊ የተጫወተቻት። ጥቁር ናት፤ ፀጉሯም ወደ ቀይ የሚያደላ ድሬድ ነው።

"የባሕር ሰው ደግሞ ሹሩባ ይሠራል እንዴ?" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ ፍረጂ እንደማለት።

"ማን ያውቃል እማማ፣ እርስዎም እኔም ሄደን አላየን" አልኳቸው። ሳቁ።

ዲስኒ ራሱ ከሁለቱ አንዷን አልመረጠም። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ፍሎሪዳ ካሉት ፓርኮች ባንዱ አዲሷ ኤሪየል እንግዳ መቀበል ጀመረች። ሌላው ፓርክ ውስጥ ደግሞ የካርቱኗ ኤሪየል ዋሻዋን ሳትለቅ ቀጠለች። የሚለያያቸው አጭር የመኪና መንገድ ነው። የሕፃናቱን ሰልፍ ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ጋ የሚሰለፉት "እውነተኛዋ ይቺ ናት" ብለው ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱም ጭራ ስላላቸው የእኔ ሥራ አልተቀየረም። ዊጉን ተውነው። መርካቶ ቀይ ተብሎ የሚሸጠው ዊግ ለነገሩ ብርቱካን ነው። ልጅቷ የራሷን ሹሩባ ተሠርታ መጣች፣ አማረባትም።

ጭንቅላት የሚደፋው ልብስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሚኪ ማውስ፣ ድብ፣ እንደዚህ ዓይነቱ። እሱን ለብሶ ልደት ላይ የሚጨፍር የሰፈሬ ልጅ አለ፤ ሲያወልቀው ላቡ ይጨመቃል። ስፖንጁን ባሳሳው ቅርጹ ይጎብጣል፣ ባወፍረው ልጁ ይታፈናል። እኔን ሲያማርረኝ የሚያጽናናኝ አንድ ታሪክ አለ። ሚኪ ከ1928 ጀምሮ የፊልም ኮከብ ነበር። በ1955 ዲዝኒላንድ ሲከፈት ግን ለፓርኩ የተሰፋ የራሱ ልብስ አልነበረውም፤ አይስ ካፔድስ ከሚባል የበረዶ ላይ ትርዒት ቡድን ተውሰው ነው የለበሱት። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ያስፈራሉ። የእኔ ሚኪ መቶ ጊዜ ይሻላል። (አንድ የልደት አዘጋጅ ግን የድብ ጭንቅላት በቀብድ ብቻ ወስዶ ቀሪውን ሳይከፍለኝ ጠፍቷል። ስልክ አያነሳም።)

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አያ ጅቦ ነው።

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ለዓመቱ መዝጊያ አያ ጅቦና እመት ጦጣን ስፊልኝ አለችኝ። እንደ ልማዴ "ፎቶ ላኪልኝ" አልኳት።

"የአያ ጅቦ ፎቶ ከየት ይመጣል?"

እውነቷን ነው። ጎግል ላይ ፈለገችና የላከችልኝ የ1994ቱን የአንበሶች ካርቱን ጅቦች ነው፤ ግራጫ፣ አፋቸው ከፈት ያለ። "እነዚህ ግን የአሜሪካ ናቸው" አልኳት። የኔ አያ ጅቦ ጋቢ ይለብሳል። ዱላ ይይዛል፣ ከመብላቱ በፊት ሰላምታ ይሰጣል። አያቴ እንደዚያ ነው የነገረችኝ፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነው የሳልኩት። የአስተማሪዋ ደግሞ ያነክሳል፣ ልብስ የለውም። የግቢያችን ዘበኛ ጣልቃ ገቡና "ጅብ ጋቢ ምን ያደርግለታል?" አሉ፤ የእሳቸው አያ ጅቦ ሆዱ የተነፋ ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጅብ። ፈራጅ የለም፣ ፊልም የለምና። አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል፣ እኔ ግን የማስታውሰው የእሳቸውን ፊትና ድምፅ ነው። ጅቡን ለየራሳችን ትተውልናል።

ቀጭኔዋ ፀሐይ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ተነስቶብኝ አያውቅም። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን "ፀሐይ መማር ትወዳለች" እየተባለ ስትታይ ያደጉ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ እየሆኑ ነው። ፀሐይን ስፊልኝ የሚለኝ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ሥራው በአንድ ልክ ያልቃል።

ለኪሴ ካሰብኩ አያ ጅቦም ፊልም ቢኖረው እመርጣለሁ። በየልደቱ ይታዘዛል፣ ቅዱንም አንዴ አውጥቼ እገላገላለሁ። ግን ፊልሙን የሚሠራው ሰው ጋቢውን ካወለቀበት፣ የእኔ ጅብ በቃ ቀረ ማለት ነው። የሚቀጥለው ሕፃን ቆሞ "ይሄ አያ ጅቦ አይደለም" ይለኛል። ይህን ሳስብ ፊልሙ ትንሽ ቢዘገይ አልጠላም።

ለመዝጊያው በዓል በጋቢ ሰፋሁት። ገንዘቡን የምትከፍለው አስተማሪዋ ብትሆንም መቀሱ የእኔ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ሸሹት፣ ከዚያ ከበቡት፣ ከዚያ ጭራውን ጎተቱት። ስፌቱ ከመቀመጫው ላይ ተተረተረ። ልብሱን ለብሶ የነበረው የሰፈሬ ልጅ በአንድ እጁ ጋቢውን ወደ ኋላ እየሳበ፣ በሌላው እመት ጦጣን እያባረረ ጨረሰ።

ለጠያቂዎች፦ ጋቢውን ሳይጨምር ስድስት ሜትር ይፈጃል፣ ጨርቁ ሰፊ ከሆነ አምስት ይበቃዋል። ፊልሙን አንድ ቀን የምትሠሩት ልጆች ደግሞ አደራ፣ ጭራውን አሳጥሩት።