ግሉኮስ ካለ ላክቶስን ማን ይሰማዋል?

ሐዋሳ ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ማኮንኪ የሚባሉት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህኖች ላይ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ካለ ኮሎኒው (የበቀለው ክምችቱ) ሮዝ ሆኖ ያድራል። ሳህኑ ላይ ያለውን ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ እየበላ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ደግሞ ቀለሙን ይቀይረዋል። ሳልሞኔላ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ግን ላክቶስ ስለማይበላ ነጣ ብሎ ይቀራል።

ለልምምድ የመጣ ተማሪ አለን። አንዱን ሳህን ወደ ብርሃኑ አንስቶ እያየ፣ "ጋሼ፣ ግሉኮስም ቢጨመርበትስ?" አለኝ። ሳህኑማ ዋጋ ያጣል፤ ግሉኮስ ሳልሞኔላም ስለሚበላ ሁሉም ሮዝ ይሆናል። ልጁ ግን የፈለገው ኢ. ኮላይ ውስጥ የሚሆነውን ነበር። ከሥራ በኋላ ፍቅር ሐይቅ ጋ ማኪያቶ አዝዘን ወረቀት ላይ ሣልኩለት።

ፈረንሳዊው ባዮሎጂስት ዣክ ሞኖ ፓሪስ ውስጥ ይህን ነገር ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ነው። ባክቴሪያው ሁለት ዓይነት ስኳር ሲሰጠው አንዱን ጨርሶ፣ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሞኖ ከባልደረቦቹ ከዣኮብና ከልዎፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 ኖቤል ተሸለመ።

ላክቶስን የሚያስገቡና የሚያፈርሱ ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸውን ጂኖች አንድ አፋኝ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ይዘጋቸዋል። ላክቶስ ሲገባ ጥቂቱ አሎላክቶስ ወደሚባል ተቀራራቢ ስኳር ይቀየርና አፋኙን ያስለቅቀዋል። ይሄ "ክፈት" የሚል ምልክት ነው። ግሉኮስ ሲኖር ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክት አድራሽ ሞለኪውል ይቀንሳል፤ በእሱ እየታገዘ ጂኖቹን የሚያነቃቃው ፕሮቲንም ይዳከማል። ይሄኛው "ቆይ" ይላል።

ብዙ የትምህርት ማስታወሻ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ግሉኮስ እየገባ ሳለ፣ እሱን በማስገባቱ ሥራ የሚሳተፍ አንድ ፕሮቲን የተሸከመውን ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይጥልና ሄዶ የላክቶስን ማስገቢያ ያግደዋል። ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች ፊት ለፊት እንኳን አይገናኙም። ባለጉዳዩ ዘበኛው ጋ ቀርቷል፤ አፋኙ ላክቶስ ውጭ እንዳለ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎችም ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይሄ እገዳ እንደሆነ አሳይተዋል።

ልጁ ማኪያቶውን ረስቶ፣ "እሺ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ማስገቢያው ገና ካልተሠራ የመጀመሪያው ላክቶስ በምን ይገባል?" አለ። ጎበዝ! አፋኙ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ከዲኤንኤው ይላቀቃል። በዚያች ቅጽበት ጥቂት ማስገቢያዎች ይሠራሉ። ግሉኮሱ ሲያልቅ እገዳው ይነሳል፤ ላክቶስ በእነሱ ሾልኮ ገብቶ ሌሎቹን ያሠራል። ሞኖ ያየው ያ ቆም ማለት ይህ እስኪሆን የሚያልፈው ጊዜ ነው።