የአምስት ዓመት ኪራዬ የት ይታያል?

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ አንዲት ክፍል ስከራይ አከራዬ ቆብ የደፉ መነኩሲት ነበሩ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማታ ከስፌት ቤት ስመለስ ብሩን በሁለት እጄ አቀብላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ሳይቆጥሩ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «ተባረክ፣ ልጄ» ይሉኛል። ውላችን ይኸው ነበር። ጳጉሜን ሳይታሰብ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን አላሳለፍሁም። ክረምት ገብቶ ሥራ ሲጠፋ እንኳ ከጉሮሮዬ ቀንሼ ከፍያለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና) እና ሁለተኛ የስፌት መኪና ለመግዛት ብድር ጠየቅሁ። የብድር ባለሙያው የንግድ ፈቃዴንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን ተቀብሎ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆየና «የብድር ታሪክ የለዎትም» አለኝ። መጥፎ ነው ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው «መጥፎም ጥሩም አይደለም፤ ባዶ ነው» አለ። የአምስት ዓመት ኪራዬን ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «የት ይታያል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን በጣም ከፋኝ።

በኋላ ነገሩን ጠይቄ ተረዳሁት። በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ሥርዓት የሚይዘው አበዳሪ ተቋማት ስለ ሰጡት ብድር የሚልኩትን ነው፤ ማን ምን ያህል ተበደረ፣ በጊዜው መለሰ ወይስ አዘገየ። አከራይ አበዳሪ አይደለም፣ አይልክም። ስለዚህ ኪራይን በወቅቱ መክፈል ብቻውን የብድር ታሪክ አይሆንም። ዕቁብም እንዲሁ ነው። እንደ እኔ በከንቱ ተስፋ የሚያደርግ ተከራይ ብዙ ስለሆነ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ እዚያም ቢሆን ነገሩ በራሱ እንደማይሆን ነገረኝ። አከራዩ ወይም ለዚሁ የተቋቋመ አገልግሎት የሰዎችን የብድር መዝገብ ለሚይዙት ኩባንያዎች፣ ለኤክስፔሪያን፣ ለኢኩፋክስ ወይም ለትራንስዩኒየን፣ ካላሳወቀ በጊዜው የተከፈለ ኪራይ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ ግን እስከ ሰባት ዓመት ተከራዩን ሊከተለው ይችላል። የቤት ብድሮችን የሚገዛው ፋኒ ሜይ ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአመልካቹ የባንክ መግለጫ ላይ የሚታየውን የኪራይ ክፍያ ከግምት ማስገባት ጀምሯል። ዓይኔን የከፈተው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። መዝገቡ ባያውቀኝም ሂሳቤ ሊናገርልኝ ይችላል።

ኪራዩን በባንክ ልክፈልዎት ስላቸው እማሆይ ደነገጡ። «በእጄ ያልጨበጥሁትን ምን ብዬ ልመን?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ለመንኋቸው። ደረሰኙን በየወሩ ላመጣላቸው ቃል ገባሁና አብረን ሄደን ሂሳብ ከፈቱ፤ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ውላችንንም በሦስት ምስክሮች ፊት በጽሑፍ አደረግነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ሦስት ወር ያህል ጥሬ ብሩን ይዤ ሄጄ በቀጥታ በእርሳቸው ሂሳብ አስገባሁ። መግለጫዬን ሳወጣ ከእኔ በኩል አንዲት መስመር እንኳ የለም! ብሩ የገባው ከመንገድ እንደ መጣ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የስፌት ቤቱን ገቢ በየቀኑ መጀመሪያ በራሴ ሂሳብ አስገባለሁ፤ ኪራዩን ከእኔ ሂሳብ ወደ እማሆይ ሂሳብ አዛውራለሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የኅዳር 2014 የቤት ኪራይ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ ምክንያቱን ዘልላው ደረሰኙን መልሼ አስተካክያለሁ።

ባዶውን መዝገብ የሚሞላው ግን ብድር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ዓመት ከአንድ አነስተኛ ፋይናንስ ተቋም በቡድን ዋስትና ጥቂት ብር ተበድሬ በአሥራ ሁለት ወር መለስሁ። የሚያስፈልገኝን ያህል እንኳ አልነበረም። የወሰድሁት ለመመለስ ነው ብል ይሻላል።

በ2015 ዓ.ም. ወደዚያው ባለሙያ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ በአግባቡ የተዘጋ ብድር አገኘ። መግለጫዬን ሲገልጥ ጣቱ በኪራይ መስመሮቹ ላይ ወር በወር ወረደ። እነዚህ የብድር ታሪክ እንዳልሆኑ ደግሞ ነገረኝ፤ ነገር ግን በየወሩ ምን ያህል መሸከም እንደምችል ያሳዩታል። ብድሩ ተፈቀደልኝ።

በማግስቱ ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ኪራይ በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። እኔ ሁለት ሳምንት የለመንሁት ነገር ሕግ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ፤ ተከራይ በዚህ ይጠቀምበት እላለሁ።

ቤቱን ለቅቄ ስወጣ እማሆይ ሙዳያቸውን ከፍተው በክር የታሰሩ ደረሰኞችን አወጡ። አምስት ዓመት ብሬን ቆጥረው የማያውቁት ሴት ደረሰኞቹን ግን አንድ በአንድ ቆጥረው አስረከቡኝ።