ጀጎል ውስጥ የግንባታ መስፈርት ሲጻፍ

«ከአካባቢው ጋር የሚስማማ ይሁን» የሚል መስፈርት ማንንም አይከለክልም፤ ሁሉም የራሱ ቤት የሚስማማ ይመስለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበው የሐረር ጀጎል ባለ ሰፈር ሥራው የሚጀመረው በሜትር ነው። በየጠባቡ መንገድ እየዞሩ የአጥሩን ቁመት፣ የበሩን ስፋት፣ የመንገዱን ወርድ መለካት፤ ፎቶም ማንሳት። ደንቡ ከዚያ ይወጣል፤ ለምሳሌ «አዲስ አጥር ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ አጥር አይበልጥም»።

ትልቁ ጣጣ ሲሚንቶ ነው። የነባሩ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፤ እርጥበት ከሥር ይስባል፣ በገጹ ያተናል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ጭቃው ይላላል፣ ውሎ አድሮ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ አንዳንዴም ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ «ነጭ ቀለም» ሳይሆን «የኖራ ቅብ» ተብሎ ይጻፍ። የፕላስቲክ ቀለምም እኮ ነጭ ነው! ግን እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍናል፤ ኖራ ያሳልፈዋል።

መንገድ ሲነጠፍ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሃል ያዘንብል፤ ወደ ግድግዳው ካዘነበለ ዝናቡ የግንቡን እግር ይበላዋል። አሮጌው ንጣፍ ሳይነሳ አዲስ ከተደረበበት ደግሞ ደጃፉ ከመንገዱ በታች ይሆንና ጎርፉ ቤት ይገባል።

ለዛፍ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ ከግንብ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ጠባቡ መንገድ ላይ ይህ ስለማይገኝ ተክሉ ግቢ ውስጥ ይሁን።