ጅቡ መጠይቄ ላይ አልነበረም

ትናንት ማታ የማስተርስ ጊዜ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆምኩ። በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ "ጅብ" ይላል። ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ነው የጻፍኩት፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።

የስፖርት ማኔጅመንት ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ የአትሌቲክስ ክለብ (ስሙ ይቆየን) ወጣት ሴት ሯጮቹ ልምምድ ይቀሩበታል፤ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃሉ። ለምን? እንደ ደንቡ መጠይቅ አዘጋጀሁ። አሰልጣኝ፣ ደመወዝ፣ ትጥቅ፣ ትራንስፖርት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5። አስሞላሁ፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) ውስጥ ከተትኩት። ሁሉም ደስተኛ ነው! ትራንስፖርቱማ አንደኛ ወጣ። ልጆቹ ግን መልቀቃቸውን አልተዉም።

አማካሪዬ ሰንጠረዡን አይተው ፈገግ አሉ። በቆጂን አነሱብኝ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡባት የአርሲ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። "ከፍታውን ለክተህ ትመጣለህ" አሉኝ። "ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ የሰፈሯ ልጆች ምን እንዳሰቡ ግን በምን ትለካዋለህ? ሂድና አብረሃቸው ዋል።"

ቅር አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ኳሊቴቲቭ ጥናት፣ ማለትም በቁጥር ፋንታ ከሰው ጋር ውሎና አውርቶ ማጥናት፣ ሂሳብ የሚፈራ ሰው መደበቂያ ይመስለኝ ነበር።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ ሰንዳፋ በሚሄደው ሰርቪስ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያ ቀን ስልኬን አውጥቼ "ልቅዳችሁ?" ስላቸው ሁሉም ጸጥ። ስልኩን ኪሴ መለስኩት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዷ፣ የጫማዋን ጭቃ በስንጥር እየፋቀች፣ ራሷ ጀመረችው።

"ቲቸር፣ ለትራንስፖርቱ 5 ነው የሰጠሁት። ሰርቪሱ አሪፍ ነዋ። ችግሩ ሰርቪሱ ጋ መድረስ ነው።"

የተከራየችው ከተማው ዳር ነው፤ ደመወዟ የሚችለው እዚያ ነው። 10 ሰዓት ተነስታ እስከ አስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ትሄዳለች። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ጅብ አለ። ድምፁን ስትሰማ ትመለሳለች። አሰልጣኙ "ቀሪ" ብሎ ይመዘግባል፤ ቀሪው ሲደጋገም ደመወዝ ይቆረጣል። ደመወዙ ሲቆረጥ ደግሞ ኪራዩ ይከብዳትና ይበልጥ ወደ ዳር ትገፋለች።

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አናገርኩ። አምስተኛዋም ዘጠነኛዋም ያንኑ መንገድ አወሩልኝ። አንዳንዷ "ጅብ" ስትል ሰው ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ደብተሬን መልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩ። "ጅብ" ያለበትን ሁሉ እንደ አዲስ ማሰብ ነበረብኝ፤ ስንቷ የትኛውን ማለቷ ነበር?

ቁጥሩን ልንቀው አልፈልግም። ቀሪ መዝገቡን ባልቆጥር ኖሮ ጥያቄውም አይነሳም ነበር። በዚያ ላይ ይሄ አብሮ መዋሉና ማውራቱ አድካሚ ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ግማሽ ቀኔን ይበላል፤ ቡናውን ሳንቆጥር።

የመጨረሻው ቀን ልሰናበታቸው ስል ያቺው ልጅ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ ቲቸር፣ ሰርቪሱ በእኛ በኩል ይዞራል?"

"እጽፈዋለሁ" አልኳት። ጻፍኩትም፤ ገጽ 74 ላይ ነው። ልጅቷ ግን ጥናቱ ሳይጸድቅ ለቃ ነበር።