ሁሉም ከ10 10 ሆነ

ያን ቀን ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮታችን ላይ ተለጥፏል፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በአንድ እጄ ጠመኔ ሌላውን ኪሴ ከትቼ ነው የማስተምረው። ልጆቹን "ፍቅር እስከ መቃብር" ከሚለው ልቦለድ አንድ ገጸ ባህሪ መርጣችሁ ምን አይነት ሰው እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ ብያቸው ነበር። 54 ናቸው። 54 አንቀጽ ቤት ተሸክሞ መሄድ ስላቃተኝ (እውነቱን ልናገር፣ ሰነፍኩ) ደብተር ተቀያየሩና እርስ በርስ ተራረሙ አልኳቸው፣ መስፈርቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ኃይለ ቃል (ዋናውን ሀሳብ የያዘ ዓረፍተ ነገር) አለው ወይ፣ ከሀሳቡ ወጥቷል ወይ ምናምን።

ሁሉም ከ10 10። አስተያየቱ ደሞ "አሪፍ ነው በርታ"፣ "በጣም ቆንጆ አብሽሪ"። የወሎ ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ተሳስተሃል ሊል ነው እንዴ? እሺ ስም ሳትጽፉ ስጡ አልኩ፣ እሱ ደሞ ባሰ፣ ይሉኝታው ሲነሳላቸው አንዱ "ይሄ አንቀጽ ነው?" ብሎ 2 ሰጠ።

ከዛ ማርኩን ተውኩት። ጓደኛችሁ ሰውየውን እንዲህ ነው ብሎ የፈረደበት ቃል ላይ አስምሩና ጎኑ ላይ "ከየት አወቅክ?" ብላችሁ ጻፉ፣ በቃ ሌላ ምንም አትጻፉ አልኳቸው።

አንዱ "ጉዱ ካሳ እብድ ነው" ብሎ ጀምሯል። ያረመችው ልጅ እብድ የምትለዋ ላይ አሰመረችና "ማን ነው ያለው? ደራሲው ነው ወይስ ያገሩ ሰው?" ብላ ጻፈችበት። ደነገጥኩ። ገጸ ባህሪ በሚናገረው፣ በሚያደርገው፣ ሌሎች ስለሱ በሚሉት ይሳላል እያልኩ ስንት አመት ኖት ሳስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ሌሎች የሚሉት ግን የራሳቸውን ጠባይ ጭምር እንደሚያሳብቅ አንድም ቀን ብዬ አላውቅም። ሰውየው እኮ ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው፣ ጉዱ ብለው የሰየሙት እንደነሱ ስላላሰበ ነው፣ ከበዛብህ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ወጉ ስለ ልማዱ ሲያወራ ደሞ ከሱ የተሻለ ጤነኛ ከየት ይመጣል? ሐዲስ አለማየሁ በ1958 መጽሐፉ ሲወጣ ጀምሮ እዛው አስቀምጦልናል፣ እኛ ቅጽል ስሙን አንብበን እናልፋለን።

ልጁ ትንሽ ተከራከረ፣ አኮረፈ ሁሉ፣ ቆይቶ ግን "ሰዉ እብድ የሚለው ጉዱ ካሳ" ብሎ አስተካከለ። እንዲህ ብሎ ከጀመረ ደሞ ካሳ ራሱ ምን እንደሚል ሳይጽፍ መቆም አልቻለም፣ አንቀጹ እጥፍ ሆነ።

በነጋታው ሞቅ ብሎኝ የራሴን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፣ "ፊታውራሪ መሸሻ ኩሩና ግትር ናቸው..." ብዬ አምስት መስመር። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ከየት አወቁ?" አለች። ደግሜ አነበብኩት፣ ከታሪኩ አንድ ነገር አልጠቀስኩም። ከ10 5 ከግማሽ ሰጡኝ፣ ግማሿ ለጽሁፍዎ ውበት ናት አሉኝ።