ምስር የምታህለው ፍሬ

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ፕላስቲክ ዕቃ ሆኖ ከመሠራቱ በፊት ምስር የምታህል ፍሬ ነው። ጠርሙሱም፣ ፌስታሉም፣ ወንበሩም መነሻው እሷ ናት። በጆንያ እየታሸገች፣ በኮንቴይነር እየተጫነች ዓለምን ትዞራለች።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኤክስፕረስ ፐርል በምትባል የጭነት መርከብ ላይ፣ ከስሪላንካው የኮሎምቦ ወደብ አቅራቢያ እሳት ተነሳ። መርከቧ ለቀናት ነድዳ ሰጠመች። ናይትሪክ አሲድ ጭና ነበር፤ የራሷ ነዳጅም ነበራት። እኔን የከነከነኝ ግን 1,680 ቶን ገደማ የሚሆነው የፕላስቲክ ፍሬ ነው።

የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ቁጭ ብዬ አየኋቸው። የባሕሩ ዳርቻ ነጭ በነጭ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች አጎንብሰው አሸዋውን በወንፊት ይነፋሉ። አጽድተው ሳይጨርሱ ማዕበሉ ሌላ ይዞ ይመጣል። አንዱ ፎቶ ላይ የሞተ ዓሣ አለ። አፉ በፍሬው ተጠቅጥቋል። እሱን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ወደ ባሕር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ባላጠፉት ጥፋት የዕለት ጉርሳቸው ተቋረጠ። በ2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመርከቧ ኩባንያ 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። እሰይ ብያለሁ። ግን የፈሰሰ አይታፈስም። ፍሬዋ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ባሕሩ ውስጥ ያለውን መርዛማ ኬሚካል እየሳበች ገላዋ ላይ ታከማቻለች፤ ወፍና ዓሣም እንቁላል መስላቸው ይውጧታል። አትበሰብስም። እየተሰባበረች ታንሳለች እንጂ።

መርከቧ የሰጠመችው አንዴ ነው። ከየብስ የሚገባው ፕላስቲክ ግን በየቀኑ ነው። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በ2010 ብቻ ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን ወደ ውቅያኖስ እንደገባ ገምቷል። ጎርፍ ከመንገድ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ወንዙ ባሕር ያደርሰዋል። ማንግሮቭ የሚባሉት የባሕር ዳር ዛፎች ከፊሉን ሥሮቻቸው መካከል ይይዙታል። አንዳንዶቹ ከጭቃው ብቅ ባሉ ሥሮች ነው የሚተነፍሱት። ፌስታል ሲሸፍናቸው ይታፈናሉ። የትናንሽ ዓሣዎች ማደጊያ እዚያው እንደሆነ ሳስብ ይበልጥ ይከፋኛል።

ባሕር ዳር ወጥተው ቆሻሻ የሚለቅሙ ሰዎችን ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ግን ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል? ለእኔ ነገሩ ያለው ከምንጩ ላይ ነው። መንግሥታት በ2022 ናይሮቢ ላይ ስለ ፕላስቲክ አስገዳጅ ስምምነት ለመደራደር ተስማምተው ነበር። በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ ያለ ውጤት ተለያዩ። አንዱ ወገን ምርቱ ራሱ ይገደብ ይላል፣ ሌላው ስለ ቆሻሻ አያያዝ ብቻ እናውራ ይላል። እኔ ምርቱ ይገደብ ከሚሉት ጋር ነኝ።

ስለ ፍሬዋም ቢሆን መላው ይታወቃል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2024 መመሪያ አውጥቷል፦ ማሸጊያው ጠንካራ ይሁን፣ ኮንቴይነሩ ምን እንደያዘ ይገለጽ፣ ቢቻል ከመርከቡ ወለል በታች ይጫን ይላል። ችግሩ ምክር መሆኑ ነው። የፈለገ ይከተለዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ይህ ምክር ግዴታ እንዲሆን ሌላ መርከብ እስኪነድ መጠበቅ የለብንም።